ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ፤ የስሙ ትርጓሜና አነባበብ

የኢትዮጵያ ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። ስለዚህ ልጅ በተወለደ ጊዜ ስም ማውጣት እንደ ቀላል ነገር አይቈጠርም። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ለጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወሰዱ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል፤ ከዚህም ሌላ እናትና አባት በቤትና በአደባባይ የሚጠሩበትን ስም ያወጡላቸዋል። ከነቢያት ስም ኢሳይያስና ኤርምያስ፥ ሕዝቅኤልና ዳንኤል በየቤቱ ይሰማሉ፤ የኤርምያስ ጸሓፊ የነበረው የባሮክ ስም እንኳ ወዳጅ አላጣም። ነገር ግን ኤርምያስን ከጕድጓድ ያወጣው፥ መጽሐፍ ቅዱስም ራሱ ኢትዮጵያዊ ብሎ የጠራው የአቤሜሌክ ስም በልጆች ላይ ሲጠራ የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

አንድ አባት ይህን ስም ለልጁ ቢመርጥ መጽሐፍ ያነበበ ጎረቤት «ይህ ስም ወንድሞቹን የፈጀው ሰው ስም አይደለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጠያቂው የሚያስበው ሌላ ሰው ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ ሰዎች ስም በአማርኛ ወደ አንድ ድምፅ ስለ ተጠጋ የቸሩ ሰው መታሰቢያ በነፍሰ ገዳዩ ስም ተሸፍኖ ይቀራል። እንግዲህ ይህ ስም ከየት መጣ፥ እንዴት ይነበባል፥ ስለ ምንስ ብርቅ ሆነ የሚለው ጥያቄ የፊደል ክርክር ብቻ አይደለም። በኢየሩሳሌም ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ ያደረገው ምሕረት በትክክል በባለቤቱ ስም እንዲታሰብ የሚያደርግ ነገር ነው።

ታሪኩ የሆነው የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከብቦ በነበረበት ወራት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝቡ ለባቢሎን ሰዎች እጁን ካልሰጠ ከተማይቱ በእሳት እንደምትጠፋ ስለ ተናገረ፥ አራት መኳንንት የወታደሩን ልብ ያደክማል ብለው ከሰሱት። ንጉሡ ሴዴቅያስም ሊቃወማቸው አልደፈረምና ለእጃቸው ተወው። እነርሱም ነቢዩን በግዞት ቤቱ አደባባይ ወደ ነበረው ወደ መልክያ ጕድጓድ በገመድ አወረዱት። በጕድጓዱ ውስጥ ጭቃ እንጂ ውኃ አልነበረም፤ ኤርምያስም በጭቃው ውስጥ ገባ። በከተማይቱ እንጀራ እያለቀ ስለ ነበር፥ በዚያ ተጥሎ የተረሳ ሰው በረኃብ እንደሚሞት የታወቀ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከንጉሡ ቤት ሰዎች መካከል ስለ ነቢዩ የተነሣ አንድ ሰው ተገኘ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ አቤሜሌክ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ቀረበና፥ እነዚያ መኳንንት ያደረጉት ነገር ክፉ እንደ ሆነ ሳይሸፍን ተናገረ። የመኳንንቱ ኀይል ንጉሡን እንኳ ያስፈራ ነበርና፥ ወገንና ዘመድ የሌለው አንድ የባዕድ አገር ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገር በነፍሱ ቈርጦ እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ንጉሡም 30 ሰዎች ይዞ ሄዶ ነቢዩን ሳይሞት እንዲያወጣው አዘዘው።

አቤሜሌክ ግን ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም። ከግምጃ ቤቱ በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ለቀመ፤ ያንንም በገመድ ወደ ጕድጓዱ አወረደለትና፥ ገመዱ ሰውነቱን እንዳይቈርጠው ጨርቁን በብብቱ ሥር አድርጎ እንዲይዝ ለነቢዩ ነገረው። ሰውን ከሞት ማዳን ታላቅ ሥራ ነው፤ በሚድንበት ሰዓት እንኳ እንዳይታመም ማሰብ ግን ከዚያ የሚበልጥ ርኅራኄ ነው። ቅዱስ መጽሐፍም ይህን የጨርቅ ነገር ንቆ አልተወውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሞች የተጻፉበት ሥርዐት ሊታይ የሚገባው ነው። ከሳሾቹ እያንዳንዳቸው ከነአባታቸው ተጠርተዋል፤ ሰፋጥያስ የማታን ልጅ፥ ጎዶልያስ የጳስኮር ልጅ፥ ዮካል የሰሌምያ ልጅ፥ ጳስኮርም የመልክያ ልጅ ናቸው። አቤሜሌክ ግን የአባት ስም የለውም፤ በአባቱ ስም ፈንታ የአገሩ ስም ተጻፈለት። ሰው በራሱና በአባቱ ስም በሚታወቅበት በኢትዮጵያ ልማድ ለሚያስብ አንባቢ ይህ ጉድለት ወዲያው ይታየዋል።

በኢየሩሳሌም ከቤተ መቅደሱ ተራራ በስተ ደቡብ፥ የዳዊት ከተማ በሚባለው ስፍራ፥ የመሬት ቍፋሮ ሊቃውንት በ2005 እ.ኤ.አ. የሰሌምያን ልጅ የዮካልን፥ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጳስኮርን ልጅ የጎዶልያስን ስም በጥንታዊ የዕብራይስጥ ፊደል የያዙ ሁለት ትናንሽ የጭቃ ማኅተሞች አግኝተዋል። ብዙዎች ሊቃውንትም እነዚህ ሰዎች በኤርምያስ መጽሐፍ የተጠሩት ሁለቱ መኳንንት እንደ ሆኑ ያምናሉ። ነቢዩን ወደ ጭቃ ያወረዱት ሰዎች ስማቸው በጭቃ ላይ ታትሞ ከ2500 ዓመት በላይ ቈየ ማለት ነው። የአቤሜሌክ ማኅተም ከእነርሱ ጋር አልተገኘም። የእርሱን ስም ያቈየው ሥራው ብቻ ነው።

የስሙ ትርጓሜ እንደሚከተለው ነው። በዕብራይስጥ ስሙ ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው። የፊተኛው ዔቤድ ሲሆን አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሜሌክ ሲሆን ንጉሥ ማለት ነው። በአንድነት ሲነበቡ የንጉሥ አገልጋይ ይሆናል። የዛሬው የዕብራይስጥ ተናጋሪ ዔቬድ ሜሌኽ ብሎ ያነበዋል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህ የሥራ መጠሪያ እንጂ እናቱ ያወጣችለት ስም ላይሆን ይችላል ይላሉ። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ ወደ ባቢሎን ቤተ መንግሥት በገቡ ጊዜ አዲስ ስም እንደ ወጣላቸው ሁሉ፥ ወደ ባዕድ ንጉሥ ቤት የገባ ሰው የቤቱን ስም ትቶ በሌላ ስም ቢጠራ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ይህ ሰው የአባቱ ስም ብቻ ሳይሆን የራሱም ስም ቀርቶበት፥ ከአገልግሎቱ በቀር መታወቂያ ያልነበረው ሰው ነበር።

እንዲህ ያለው ስም በሴም ቋንቋዎች ብዙ ዘመዶች አሉት። የነቢዩ የአብድዩ ስም የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት ነው። አዛርያ በባቢሎን የተሰየመበት አብደናጎ የሚለው ስም ደግሞ ናቡ የሚባለው የባቢሎን ጣዖት አገልጋይ ማለት እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። በዐረብኛም ዐብድ አልመሊክ የሚባለው ስም ቃል በቃል ይኸው የንጉሥ አገልጋይ ነው፤ በሙስሊሞች ዘንድ በዚህ ስም ንጉሥ የተባለው እግዚአብሔር ነው። በደብረ ዘይት ቆሞ ኢየሩሳሌምን የሚመለከት ተሳላሚ ከሁሉ አስቀድሞ ዐይኑን የሚስበውን ባለ ወርቅ ጕልላት ሕንፃ በ691 እ.ኤ.አ. ገደማ ያሠራው ኸሊፋ ስሙ ዐብድ አልመሊክ ነበር። እንዲህ ሆኖ የኢትዮጵያዊው ስም በሌላ ቋንቋና በሌላ ሰው ላይ ከዚያች ከተማ ታላላቅ ሕንፃዎች በአንዱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ግእዝም ከዚህ ዝምድና የራቀ አይደለም። በግእዝ መለከ ማለት ገዛ ማለት ነው፤ አምላክ የሚለው ቃል የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። ዕብራይስጥ ዔቤድ ለሚለው ግእዝ ገብር ይላል። ስለዚህ የዚህን ሰው ስም የግእዝ ልብስ ቢያለብሱት ገብረ አምላክ ለሚለው ስም እጅግ የቀረበ ይሆናል። እንግዲህ ስሙ ብርቅ ነው ሲባል ድምፁ ብርቅ ነው ማለት ነው እንጂ፥ አሳቡስ በኢትዮጵያ የታወቀና የተወደደ ነው።

ስሙ ወደ ኢትዮጵያ መጻሕፍት የመጣው ግን ከዕብራይስጥ በቀጥታ ሳይሆን በጽርእ በኩል ነው። በአክሱም ዘመን የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ወደ ግእዝ የተተረጐሙት የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ከሚባለው ከጽርኡ ነውና። የጽርእ ተርጓሚዎች ስሙን አብዴሜሌክ ብለው ጻፉት። ጽርእ ዐይን የሚባለውን የጕሮሮ ድምፅ የሚጽፍበት ፊደል ስለሌለው፥ የዕብራይስጡ ዐይን በዚህ መንገድ ላይ ቀረ። ስሙ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በአልፉ አ መጻፉ ከዚህ ጕዞ ጋር የሚስማማ ነው።

ይኸው የጽርእ ትርጉም በዚህ ስፍራ ጃንደረባ የሚለውን ቃል አይጽፍም፤ ሰውየው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነና በንጉሡ ቤት እንደ ነበረ ብቻ ይናገራል። በዕብራይስጡ ያለው ሳሪስ የሚለው ቃልም አንዳንድ ጊዜ የተሰለበውን ሰው፥ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ሹም ያመለክታል። ጽርኡ ኢትዮጵያዊ ያለውን ዕብራይስጡ ኩሻዊ ይለዋል፤ ኩሽም ከግብፅ በስተ ደቡብ በዓባይ ወንዝ ዳርቻ ላለው አገር የተሰጠ ጥንታዊ ስም ነው።

ከዐይኑ ቀጥሎ ደግሞ ሁለተኛ ፊደል ጠፋ፤ እርሱም በመካከል ያለው የደ ድምፅ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቈጠረው ተረፈ ባሮክ በጽርኡ ይህን ሰው አቢሜሌክ ብሎ ይጠራዋል። የጽርኡን ጽሑፍ እንግሊዛዊው ሬንደል ሃሪስ በ1889 እ.ኤ.አ.፥ የግእዙን ደግሞ ጀርመናዊው ኦጉስት ዲልማን በ1866 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። የንጉሥ አገልጋይ የሚለው ስም አቢሜሌክ ከሚለው የታወቀ ስም ጋር የተቀላቀለው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

የደ መውጣት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አንድ ጥቅም አልታጣበትም። በግእዝ አብድ ማለት ሰነፍ፥ ማስተዋል የጐደለው ማለት ነው፤ አማርኛውም አበደ ይላል። ስሙ አብዴሜሌክ እንደ ሆነ ቢቀር ኖሮ ልጅ በተጠራ ቍጥር ጓደኞቹ መሳቂያ ያደርጉት ነበር። ነገር ግን ለጆሮ የተመቸው ነገር ለትርጓሜው ጉዳት ሆነ። አቢሜሌክ በዕብራይስጥ ፈጽሞ ሌላ ስም ነውና፤ አባቴ ንጉሥ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁለተኛው ስም ብዙ ባለቤቶች አሉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት አቢሚልኩ የሚባል የጢሮስ ገዢ ለግብፅ ንጉሥ የላካቸው የሸክላ ደብዳቤዎች በግብፅ አማርና በሚባል ስፍራ ተገኝተዋል። በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃምና ይስሐቅ የተገናኙት የጌራራ ንጉሥ በዚሁ ስም ይጠራል። በመጽሐፈ መሳፍንት ደግሞ የጌዴዎን ልጅ አለ፤ እርሱም ለመንገሥ ሲል 70 ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ አርዶ በሴኬም ነገሠ፥ በመጨረሻም ቴቤስ በሚባል ከተማ ከግንብ ላይ አንዲት ሴት የወፍጮ መጅ ጣለችበትና ሞተ። ሴኬም ዛሬ ናብሉስ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለ ስፍራ ነው፤ የያዕቆብን ጕድጓድ ለመሳለም የሚሄዱ ምእመናን ያልፉበታል።

በዕብራይስጥ ዔቤድ ሜሌክንና አቢሜሌክን ማንም አያሳስታቸውም፤ አንዱ በዐይን፥ ሌላው በአልፍ ይጀምራልና፥ በአንዱም ደ አለ፥ በሌላው የለም። በዐረብኛም እንዲሁ ነው፤ በ1865 እ.ኤ.አ. በቤይሩት የታተመው የዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያዊውን ዐብድ መሊክ ይለዋል። በግእዝና በአማርኛ ግን ዐይኑም ደም ስለ ወጡ የቀረው ልዩነት ቢና ቤ ብቻ ነው። ቢ ሣልስ ነው፤ በቀኝ እግሩ ግርጌ ጭረት አለው። ቤ ኃምስ ነው፤ ያችው ጭረት ክብ ሆና ትዘጋለች። የጸሓፊው ብርዕ ጥቂት ቢዞር ወይም ጥቂት ቢዘገይ አንዱ ሌላውን ይሆናል። ኢትዮጵያዊውን በቤ፥ ሌሎቹን በቢ ለይቶ መጻፍ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን በሁሉ ስፍራና በመጻሕፍት ሁሉ እኩል አልተጠበቀም። ስለዚህ በፊደል ብቻ ተማምኖ ሰውየውን መለየት አይቻልም።

አነባበቡን ለሚጠይቅ ሰው ግን ቀላል መንገድ አለ። አቤሜሌክ በሚለው ስም ውስጥ ከአ ቀጥሎ ቤ፥ ሜ፥ ሌ የሚባሉ ሦስት ኃምሳት በተከታታይ ይገኛሉ፤ መጨረሻው ሳድሱ ክ ነው። ከፊደሎቹ የሚጠብቅ የለም፤ ሁሉም ላልተው ይነበባሉ። ሦስቱ ኃምሳት ሳይቋረጡ ከተነበቡ ስሙ በትክክል ተነበበ። አቢሜሌክ ሲባል ግን ተከታታዩ በሣልሱ በቢ ይቋረጣል። ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያስተማምነው የአባቶች ልማድ ነው፤ ይኸውም ስሙን ብቻውን ሳይተዉ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ብሎ መጥራት ነው። የአባቱን ስም ያጣ ሰው በአገሩ ስም ይለያል፤ መጽሐፉም ከመጀመሪያው ያደረገው ይህንኑ ነው።

ተረፈ ባሮክ ስለ እርሱ የሚናገረው ታሪክ በኢትዮጵያ ምእመናን ዘንድ የታወቀ ነው። ከተማይቱ ልትጠፋ በቀረበች ጊዜ ኤርምያስ ያን በጎ ሰው አስታወሰ፤ ጥፋቷን አይቶ እንዳያዝን ስለ እርሱ እግዚአብሔርን ለመነ። በማግሥቱም ለሕመምተኞች የሚሆን በለስ እንዲያመጣ በተራራው መንገድ ወደ አግሪጳ እርሻ ላከው። አቤሜሌክ በለሱን በቅርጫት ይዞ ሲመለስ የቀትር ፀሓይ ስለ በረታበት ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ፤ ራሱንም በቅርጫቱ ላይ አድርጎ አንቀላፋ። የተኛው 66 ዓመት ነበር። በነቃ ጊዜ በለሱ እንደ ተቈረጠ ሆኖ ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር፤ እርሱም ጥቂት የተኛ መሰለው። ወደ ከተማይቱ ቢገባ ግን ቤቱንም ዘመዱንም አላገኘም፤ መንገድ የሳተ መስሎት ወጥቶ ምልክቶቹን አይቶ ተመለሰ፥ ከተማይቱም እርሷው ነበረች። በመጨረሻ ከእርሻ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ 66 ዓመት እንደ ሆነው ነገረው፤ ወራቱም የበለስ ወራት እንዳይደለ አሳየው። ከዚያ በኋላ ባሮክ የጻፈው ደብዳቤ ከዚያው በለስ ጋር በንስር ተወስዶ በባቢሎን ወዳለው ወደ ኤርምያስ ደረሰ።

ሬንደል ሃሪስ ይህን የ66 ዓመት ቍጥር ሲመረምር፥ ሮማውያን ኢየሩሳሌምን ካፈረሱበት ከ70 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢቈጠር 136 እ.ኤ.አ. እንደሚመጣ አስተዋለ፤ ስለዚህም መጽሐፉ ከተማይቱ ሁለተኛ ከጠፋች በኋላ በኀዘን ላይ ለነበሩ ሰዎች እንደ ተጻፈ ገመተ። ለእነዚያ ሰዎች ከእንቅልፉ ነቅቶ ያልደረቀ በለስ የያዘው ኢትዮጵያዊ የተስፋ ምስክር ነበር። አይሁድም አልረሱትም፤ ደሬክ ኤሬጽ ዙጣ የሚባለው መጽሐፋቸው ሞትን ሳይቀምሱ ወደ ገነት ከገቡት ከሄኖክና ከኤልያስ ጋር ይህን ኩሻዊ ይቈጥረዋል።

እንግዲህ እንዲህ የተከበረ ሰው ስሙ ለልጆች በብዛት ያልወጣበት ምክንያት ምንድር ነው? አንደኛው ምክንያት ከላይ የተነገረው የስም መመሳሰል ነው፤ ወንድሞቹን ያረደውን ሰው ያነበበ ወላጅ ያን ድምፅ በልጁ ላይ ማሳደር አይወድም። ሁለተኛው የበዓል ነገር ነው፤ በኢትዮጵያ የክርስትና ስም ብዙውን ጊዜ ልጁ በተወለደበት ወይም በተጠመቀበት ዕለት ከሚከበረው ቅዱስ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንደ ሚካኤልና እንደ ገብርኤል ወር በገባ ቍጥር ስሙ የሚጠራ ቅዱስ ብዙ ስመ ሞክሼ ያገኛል። አቤሜሌክ ግን እንዲህ ያለ የወር በዓል የለውም። ሦስተኛውም ዘር ነው፤ ስሙን ወስዶ ልጄ ብሎ የሚያወርስ ትውልድ አልተወም፤ በዕብራይስጡ እንደ ተጻፈው ጃንደረባ ነበርና።

በዚህ ስፍራ የነቢዩ የኢሳይያስ 56ኛ ምዕራፍ ይታወሳል። በዚያ ምዕራፍ ጃንደረባ ራሱን እንደ ደረቅ እንጨት እንዳይቈጥር ተጽናንቷል፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ቢጠብቅ በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ የማይጠፋ ስም እንደሚሰጠው ተስፋ ተነግሮለታል። በኢየሩሳሌም በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፥ በናዚዎች እጅ ላለቁት አይሁድ መታሰቢያ የሆነው ያድ ቫሼም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቃል ነው፤ ስም የሚያወርስ ልጅ ላልቀረለት ሰው ስሙን የሚጠብቅለት ስፍራ ማለት ነውና። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ወደ ኢየሩሳሌም ሊሰግድ መጥቶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረው የዚሁ የኢሳይያስ መጽሐፍ ነበር። የእርሱ ስም በሐዋርያት ሥራ አልተጻፈም። በኢየሩሳሌም ምድር ከሚታሰቡት ከሁለቱ ኢትዮጵያውያን ጃንደረቦች አንዱ ስሙ ሳይጻፍ፥ ሌላው የአባቱ ስም ሳይጻፍ ታወቀ።

የተስፋው ቃል ለአቤሜሌክ በአፍ ብቻ አልቀረም። በኤርምያስ 39ኛ ምዕራፍ ነቢዩ ገና በግዞት ሳለ የእግዚአብሔር ቃል ለዚህ ሰው በስሙ መጣለት፤ ከተማይቱ በምትወድቅበት ቀን ከሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንደሚድን፥ በእግዚአብሔር ታምኗልና ነፍሱ እንደምትተርፍለት ተነገረው። ከተማይቱ ከወደቀች በኋላ የሴዴቅያስ ልጆች በአባታቸው ፊት ታረዱ፤ የንጉሡም ዐይን ጠፋ። በስሙ የንጉሥ አገልጋይ የተባለው ሰው ግን የሚያገለግለው ንጉሥ ሲወድቅ አብሮ አልወደቀም። ከሴዴቅያስ በላይ የሚያገለግለው ሌላ ንጉሥ ነበረውና።

በዚህ ዐይን ሲታይ ጸሓፍት በስሙ ላይ ያደረሱት ለውጥ ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በዕብራይስጥ የንጉሥ አገልጋይ ይባል ነበር፤ ዐይኑና ደው በመንገድ ሲቀሩ አባቴ ንጉሥ ነው ከሚለው ስም ጋር አንድ ሆነ። የአባቱ ስም ያልተጻፈለት እንግዳ በጸሓፍት ስሕተት አባት የሚል ቃል በስሙ ውስጥ አገኘ። ይህን ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ አማኝ ከእንግዲህ ወዲያ ልጅ እንጂ ባሪያ አይደለም ብሎ ያስተማረውን ትምህርት የሚያስታውስ አንባቢ ግን፥ ስሕተቱ ራሱ አንድ ነገር ሲናገር ይሰማዋል። የጌዴዎን ልጅ ይህን ስም ይዞ የአባቱን ልጆች ፈጀ፤ ኢትዮጵያዊው በስሙ ላይ የመጣውን ክብር በሥራው አስቀድሞ ተገብቶት ነበር።

እንግዲህ ለልጁ ይህን ስም የሚመርጥ ወላጅ ቢኖር የሚያፍርበት ነገር የለም። ሦስቱን ኃምሳት ሳያቋርጥ ያንብብ፤ ልጁም አድጎ ስለ ስሙ በተጠየቀ ጊዜ የሚመልሰውን ይወቅ። የጌራራን ንጉሥ ወይም የሴኬምን ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን፥ የብንያምን በር፥ የጭቃውን ጕድጓድና ያንን አሮጌ ጨርቅ ይንገር። የኢየሩሳሌም ተሳላሚም በጥንታዊቷ ከተማ ቅጥር አጠገብ ሲያልፍ፥ ከታላላቆቹ ስሞች ጋር ይህን ብርቅ ስም አንድ ጊዜ በትክክል ቢጠራው፥ ከጕድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ገመድ ከመጣሉ በፊት ጨርቅ የፈለገውን ሰው አሰበ ማለት ነው።